የጋሽ ጡሚሶ ኖራ

ጋሽ ጡሚሶ በተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ጎረቤታቸው ያሬድ ነው። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ማይኩን መታ መታ አደረገና ጀመረ። «ጋሽ ጡሚሶ የቤቴልን ሕዝብ ከዓለም ጣዕም ጋር ያስተዋወቁ፣ እጃቸው የተባረከ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከማዕዳቸው የቆረሰ…»

ከማዕዳቸው የቆረሰ! እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ። በሬሳ ፊት ሙግት ነውር ነው። ባደግሁበት በቆቦ ሴት ልጅ ቀብር ላይ ድምጿን ከፍ ብታደርግ ለልቅሶ ብቻ ነው። የነፍስ አባቴም ቁጣ ይዤ ቤተ ክርስቲያን እንዳልገባ ደጋግመው መክረውኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ግን ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ሰውየው እንጀራቸውን እንዴት እንዳጡ አንድ ቃል ይወጣው እንደሆነ ብዬ። አልወጣውም። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

እንግዲህ እሱ የዘለለውን እኔ ልጻፈው።

እኔ ለቤቴል ሰፈር ባዳ ነኝ። ሥራ ፍለጋ ከቆቦ መጥቼ፣ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ምግብ ቤት መግባት ልማዴ አልነበረም። ለገንዘቤ ሳስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ለጾሜ ነው። ሆቴል ቤት «ጾም አለ» ይሉሻል፤ ሽሮው የሚንተከተከው ትናንት ቅቅል በተቀቀለበት ድስት ነው፤ ማማሰያው ከጥብሱ ወጥቶ ክኩ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ጾም ከምበላ ቤቴ ዳቦ ብገምጥ ይሻለኛል።

የጋሽ ጡሚሶን ቤት ሰፈሩ የተቀበለው በሳቅ ነበር። ሰሌዳው «የሜክሲኮ ባህላዊ ምግቦች» ይላል። ግማሹ ሰው ሜክሲኮ አደባባይ ያለ የአንድ ሆቴል ቅርንጫፍ መሰለው። የታክሲ ረዳቱ ከበሩ ፊት ለፊት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮኽ፣ እሳቸው ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ብቅ ይሉና «ወዴት ትሄዳላችሁ? ደርሳችኋል እኮ! ውረዱ!» ይላሉ። ተሳፋሪው በሳቅ ይፈርሳል። አንዳንዱም እውነትም ይወርድ ነበር።

እኔን ያስገባችኝ የፍልሰታ ጾም ናት። ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና በረንዳቸው ሥር ተጠለልኩ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሉኝ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኩ። ማምለጫዬ ነበረች።

«ጾምማ አለ።»

«ድስቱስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ይቀየማሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ነይ እይው» ብለው ቀጥታ ማድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። በግራ በኩል አንድ ምድጃ፣ በቀኝ በኩል ሌላ ምድጃ፣ መካከሉ ባዶ። በግራ በኩል ያሉት ድስቶች፣ ጭልፋዎች፣ መጥበሻዎች ሁሉ እጀታቸው ላይ ሰማያዊ ክር ታስሮባቸዋል።

«እነዚህ ማተብ ያሰሩ ናቸው» አሉኝ። «ሥጋም ቅቤም አይተው አያውቁም። እኔ ራሴ ጴንጤ ነኝ፤ ጾማችሁን አልጾምም። ግን የሰው ጾም በእጄ አልሰብርም።»

ይህን ንግግር እስካሁን ከብዙ ሰው ስብከት አስበልጬ ይዤዋለሁ።

ከዚያ አንድ አረንጓዴ ጠፍጣፋ ነገር መክተፊያ ላይ አየሁ። እሾኹ በቢላ ተልጦ ወልቋል። አወቅሁት። «ይኼ የበለስ ቁልቋል አይደለም እንዴ?»

«ነው። ቅጠሉ ነው።»

«ጋሼ፣ ይኼንን እኛ አገር ግመል ነው የሚበላው!»

«ግመሉ ቅር ካላለው አንቺ ምን ሆንሽ? መጀመሪያ ቅመሺ፣ ከዚያ ተሳደቢ።»

ቀመስኩ። ሎሚ የተጨመቀበት ፎሶሊያ ይመስላል። አልተሳደብኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «የቆቦዋ» ሆነ።

ሰውየው ከሆሳዕና አካባቢ ናቸው። እንደ ብዙ የአገራቸው ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ብራዚል፤ ከብራዚል ደግሞ ጫካውንም ወንዙንም በእግር እያቋረጡ ወደ አሜሪካ ጉዞ ጀመሩ። ሜክሲኮ ሲደርሱ ታፓቹላ በሚባል ሞቃት ከተማ ወረቀት ጠብቅ ተባሉ። ወረቀቱን ሲጠብቁ አንዲት ባልቴት ማድ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆነው ገቡ። ወረቀቱ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ እሳቸው ግን ከሰሃኑ ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ምጣዱ ተሻገሩ። በመጨረሻ ድንበሩን ትተው ወደ ሚስታቸው ተመለሱ። «ሰው ሁሉ ዶላር ይዞ ሲመጣ እኔ በቆሎ ይዤ መጣሁ» እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ እኔ የምሄደው በእነዚያ ቀናት ነው። እሳቸውም በየሳምንቱ አንድ አውራጃ ይዘው ይጠብቁኛል። «ሜክሲኮ አንድ ምግብ የላትም። ወሎና ሀዲያ አንድ ገበታ ነው እንዴ ያላቸው?» ይላሉ። አንድ ዓርብ የኦዋካ ነው፦ በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝና ቸኮሌት አብሮ የተፈጨበት ጥቁር ወጥ። «ቸኮሌት ወጥ ውስጥ? አብደዋል!» ብላ የጮኸችው እትዬ ሙሉነሽ ናት፤ የጉራጌ ሴት፣ የዕድራችን የሴቶች አለቃ። በማግስቱ ባዶ ድስት ይዛ ተመለሰች፤ «ለልጆቹ ነው» አለች፤ ልጆቿ አግብተው ከወጡ ቆይተዋል። ሌላ ጊዜ የቺያፓስ ነው፦ በበቆሎ ልብስ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ። እትዬ ሙሉነሽ ፈታ ፈታ አድርጋ አየችና «ኧረ ይኼማ ቤቴ ነው የገባሁት! በእንሰት ቅጠል ብትጠቀልሉት ምናችሁ ይነካ ነበር?» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አቀረቡላት። ያን ቀን እትዬ ሙሉነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ በላች።

ጋሽ ጡሚሶ ሰሃን አስቀምጠው አይሄዱም። ሁለት እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ከትተው የመጀመሪያዋን ጉርሻ እስክትውጪ አጠገብሽ ይቆማሉ። ፊትሽ ከፈካ አንዴ ያጨበጭቡና ወደ ምድጃቸው። ፊትሽ ካልፈካ ምንም ሳይሉ ሰሃኑን አንስተው ሌላ ያመጣሉ። «አልወደድኩትም» ብላ የተናገረች ሴት አላየሁም፤ መናገር አያስፈልግማ።

አሁን ወደ ኖራው ልምጣ።

የዚያ አገር ቂጣ በቆሎ ተፈጭቶ ብቻ አይጋገርም። ደረቁ በቆሎ ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ ፈላ ተደርጎ፣ በዚያው ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ቆዳው ይለቃል። ከዚያ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠባል፣ ከዚያ ነው የሚፈጨው። ያለዚያ ሊጡ አይያያዝም፣ ቂጣውም ይፈረካከሳል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ጓሮ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። አንድ ቀን እኔም ደርሼ ደንግጫለሁ።

«ኖራ? ጋሼ፣ መቃብር የሚቀባው?»

«ዘመዱ ነው» አሉና አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጓት፤ ቆዳዋ ሸርተት ብሎ ወጣ። «አየሽ? ግብጦን ሳታጥቢ ትበያለሽ? መራራው በውሃ ካልወጣ ይጎዳሻል። ይኼም እንደዚያው ነው። ይገባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ታጥቦ ይወጣል።»

አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፣ አንድ መልስ አገኘሁ፣ አለቀ። ለመጠየቅ አፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያሬድ ደግሞ አፍ አላነሰውም።

ያሬድ ከምግብ ቤቱ ጎን የሞባይል ሱቅ አለው። ቲክቶክ ላይ ተከታይ ያለው፣ ዕድሩም ማይክ የሰጠው፣ ሰርግም ሐዘንም ላይ ድምፁ የማይጠፋ ሰው ነው። ዓርብ ዓርብ ከማንም ቀድሞ ይገባል። «ጋሼ፣ ከጥቁሩ ጨመር አድርጉልኝ!» ይላል። ይጨምሩለታል። የሱቁ የጓሮ መስኮት ጋሽ ጡሚሶ በቆሎ ወደሚዘፈዝፉበት ግቢ ይመለከታል። ከዚያች መስኮት ነው የቀረጻቸው። ጎንበስ ብለው ነጩን ዱቄት ሲጨምሩ፣ በረጅም ዱላ ሲያማስሉ። ከላይ ድምፁን ጨመረበት፦ «ወገኖቼ! ጀሶ በእንጀራ ሲሉን ከረሙ፤ አሁን ደግሞ ኖራ በበቆሎ! በዓይናችሁ እዩ! ይኼ ነው የምትበሉት! ሼር አድርጉ!»

እሱም እኮ ሲበላ ከርሟል! ሰሃኑን በቂጣ ጠርጎ ሲበላ ያየሁት እኔ ነኝ። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይነግሩት ነበር፤ በቆሎውን አስጨብጠው፣ ቆዳውን አሳይተው፣ እንደኔ ያስተምሩት ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሦስት እርምጃ ነው። ግን ጠይቆ የተረዳ ሰው የሚለጥፈው ነገር የለውም።

በማግስቱ በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከሳንሱሲ ድረስ በሩን ሊቀርጽ የመጣ ነበር። ለዓመት ያህል ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው «እኔስ ሲያቅለሸልሸኝ ነበር» ይሉ ጀመር። ከምግብ ቁጥጥር መጡ፤ ናሙና ወሰዱ፤ በሩን አሸጉት። እነሱን አልወቅስም፤ ሕዝብ ጮኸ፣ እነሱ መጡ፣ የታዘዙትን ሠሩ። ውጤቱም መጣ፦ ምግቡ ንጹሕ ነው፣ ጉዳት የለውም። እሽጉ ተነሣ።

ጋሽ ጡሚሶ የዚያን ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የኦዋካውን ወጥ ሠርተው፣ በር ላይ ቆሙ። የመጣነው እኔና እትዬ ሙሉነሽ ብቻ ነን። ያ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» አለና ወደ በሩ ዞሮ «ኖራ የፈለገ በዚህ!» ጨመረበት። ታክሲው ሳቀ። ጋሽ ጡሚሶ አብረው ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልታዘዛቸውም።

ወደ ያሬድ ሱቅ ሲሄዱ እኔም ካርድ ልገዛ እዚያው ነበርኩ።

«ያሬድዬ፣ ውጤቱ ይኸውና። ያንኑ በዚያው ብትነግርልኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት ደስ ብሎኛል! ግን ማስተካከያ እኮ ሰው አያይም። አይሄድም። የሚሄደው ያኛው ዓይነት ነው።»

«እንግዲያው ያኛውን አውርደው።»

ራሱን አከከ። «እሱማ… ገጼን ያሳደገው እሱ ነው ጋሼ። ተዉት፣ ሰው ረስቶታል። እርስዎም ይርሱት።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ። ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወጡ።

ደጅ ላይ ደረስኩባቸው። «ምን ያሻሹታል? ለምን አልተቆጡትም?»

«ተይው የቆቦዋ፣ ልጅ ነው።»

ልጅ! ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሁለት የወለደ ልጅ!

እውነቱን ልናገር፣ በእሳቸው ዝምታ እበሳጭ ነበር። ግን ደንበኛ ስለጠፋ ምግብ ቤቱን ጨርሰው ዘግተው፣ አንድ ቀን ቀለበት መንገዱ አጠገብ ድንች ቺፕስ ሲጠብሱ አገኘኋቸው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ አጎንብሳ ልታዝ ስትል ፊታቸውን አየችና ልጁን ጎትታ «ና፣ ኖራ የሚያበላው ሰውዬ ነው» ብላ ወሰደችው። ጋሽ ጡሚሶ ዘይቱን ከእሳት አወረዱ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ከፍ አደረጉና እንደ መሐረብ ያዙት። ያኔ ነው ዝምታቸው ይቅርታ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ። ሰውየው አፍረው ነበር። ባላጠፉት አፍረው ነበር።

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። ደም ግፊት ነው አሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ካርድ ነው የማወጣው። ደም ግፊት የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ አለ፤ ማን እንደጨመረው የሚጻፍበት ግን የለም።

ያን የሕይወት ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ከመቃብር ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። የዕድር ሴቶች ለማግስቱ የሚሆን ንፍሮ ሊዘፈዝፉ ስንዴና ሽምብራ እየለቀሙ ነበር። እኔ ወደ ጋሽ ጡሚሶ ባለቤት ወደ ወይዘሮ አስቴር ገባሁ።

«እትዬ አስቴር፣ በቆሎውና ኖራው ቤት ውስጥ አለ?»

«አለ። ምን ልታደርጊው ነው?»

«ንፍሮ።»

ያበጡ ዓይኖቿን ገልጣ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ራሷ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አመጣች። «ሥሪው» አለችኝ። «ጓሮ ግን አይደለም። በፊት ለፊት።»

በፊት ለፊት አደረግሁት። ትልቁን ድስት ከድንኳኑ አፍ አስጣድኩ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች እያዩ፣ ያሬድም ማይኩን ይዞ እያየ፣ ኖራውን በሳህን አንስቼ ከፍ አድርጌ ሁሉም እስኪያየው ያዝኩትና ውሃው ላይ ገለበጥኩት። ካርታው ቆመ። አንድ ሰው «አቤት!» አለ።

 በሰው ፊት ቆሜ የማውቅ ሴት አይደለሁም። እትዬ ሙሉነሽ ግን ወገቧን ይዛ ከጎኔ ቆመች። «ምን ታፈጣላችሁ? የኔን ቆጮ ጉድጓድ ስቀብር የሚቀርጽ ቢገኝ ሬሳ ይበላሉ ባላችሁን ነበር! አማስዪ አንቺ!»

አማሰልኩ። በማግስቱ ቧንቧው ሥር አሸሁት፤ ቢጫ ውሃው እስኪጠራ አጠብሁት፤ አፍልቼ ፍሬው እንደ አበባ እስኪፈነዳ ቀቀልኩት። እሳቸው እንደሚያደርጉት ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ በርበሬና ሎሚ በየጎኑ አቀረብኩ። ማንም አልተነሣም። ወይዘሮ አስቴር ከፍራሹ ተነሥታ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት የመጀመሪያዋን ሰሃን በላች። ከዚያ ሰው ተሰለፈ። ደግሞ ተሰለፈ።

ያሬድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሰሃኑ ተጠርጎ አልቋል። «እህቴ፣ ጨመር አድርጊልኝ። የጋሼን እጅ ነው የሚመስለው።»

«በምን እንደተቀቀለ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ስጨምረው አይተሃል?»

«አይቻለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ስልክህን አውጣ። ወይ እኔንም ቅረጸኝና ኖራ አበላችን ብለህ ልቀቀው፤ ወይ የእሳቸውን አሁን አውርደው። ከሁለት አንዱን አድርግና እጨምርልሃለሁ።»

ያሬድ ዙሪያውን አየ፤ የሚያግዘው ፈለገ። «ለቅሶ ቤት እኮ ነው፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

 ስልኩ በግራ እጁ፣ ሰሃኑ በቀኝ እጁ እንደሆነ ቆመ። ለቅሶ ቤት ለመጣ ሰው ምግብ እንደማይከለከል አውቃለሁ፤ ከነፍስ አባቴ የሚጠብቀኝንም አውቃለሁ። ክዳኑን ገጠምኩት። ከኋላው የተሰለፉት አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ገፋ አድርገውት «ልጄ፣ ለእኔ ክፈቺው። ይብላኝ ለኛ፣ ሰውየውን ሳንጠይቅ ቀረን» አሉኝ። ለእሳቸው ከፈትኩት። ያሬድ ባዶ ሰሃኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ቪዲዮውን አላወረደውም። ይህን ስጽፍ እንኳ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ጎንበስ ብለው ያማስላሉ፣ ሰው ይሳደባል፣ ሌላው ይስቃል። ቤቴል ድንኳን ውስጥ የበላው ሰው እውነቱን ያውቃል፤ ያ ቪዲዮ ግን ቤቴልን በማያውቅ ሰው እጅ ውስጥ ይዞራል። እኔ ተከታይ የለኝም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብም ስንት እንደሚሆን አላውቅም። ያ እዚያ እስካለ ድረስ ግን፣ ይህም እዚህ ይኑር።